ከቀለሙ ሥር ምን አለ?

የታሰሩ ሕፃናትን ፎቶግራፍ ወስዶ፣ መልካቸው እስኪጠፋ አደብዝዞ፣ በላዩ ቀለም መርጨት ነውር ነው ወይስ አይደለም? ነገሩን ከመሬት ተነስቼ አላመጣሁትም። አዲስ አበባ የተወለደችው ሠዓሊ ጁሊ ምሕረቱ በ2019 የሠራችው «ሃካ (እና ሁከት)» የሚባል ሥዕል አለ። (ዓመቶቹን ሁሉ እዚህ እንደለመድነው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሃካ የኒውዚላንድ ማኦሪዎች ጭፈራ ነው፤ መሬት እየመቱ፣ ዓይን እያፈጠጡ፣ እኛ ፉከራ የምንለው ዓይነት። ከሥዕሉ ሥር ያለው ግን ፉከራ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በቴክሳስና በካሊፎርኒያ የስደተኛ ልጆች ተይዘው የቆዩባቸው ማቆያዎች ፎቶግራፍ ነው። ጁሊ ፎቶውን በኮምፒዩተር አዞረችው፣ ቆረጠችው፣ አደበዘዘችው፤ የቀለም ጉም አድርጋ ሸራ ላይ አሳረፈችው። በጉሙ ላይ በጥቁር ጫረች፣ አጠፋች፣ ደግማ ጫረች። ሥዕሉ ሲያልቅ ልጅ አይታይም፣ አጥርም አይታይም። የሚታየው ቀለምና ጭረት ነው።

እኔ የምኖረው ጅዳ ነው፤ ሥራዬም እንደ አብዛኞቻችሁ ሰው ቤት ነው። ግድግዳ የሚሞላውን ሥዕል ያየሁት በመዳፌ ልክ፣ በስልክ ነው። ለአንዲት ጓደኛዬ አሳየኋት። እሷ ከዓመታት በፊት ኢቃማዋ ተበላሽቶባት ተይዛ፣ ማቆያ ከርማ የወጣች ናት።

«ታዲያ ልጆቹ የታሉ?» አለችኝ።

ከሥር ናቸው አልኳት።

«ከሥርማ ሁላችንም አለን» ብላ ሳቀች። ቆይታ ግን ኮስተር አለች። «የሰው ልጅ ዋይታ ወስዳ የሀብታም ሳሎን ማሳመሪያ አደረገችው። እኔ የተኛሁበትን ወለል ማንም መጥቶ ቀለም እንዲቀባው አልፈልግም።»

ይህን የምጽፈው ለእሷ መልስ ስፈልግ ነው። ግማሹን እውነቷን ነው። ግማሹን ግን አይመስለኝም።

የሀብታሙን ሳሎን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። በኅዳር 2023 ኒውዮርክ ላይ አንድ የጁሊ ሥዕል በ10.7 ሚሊዮን ዶላር በጨረታ ተሸጧል፤ አፍሪካ ውስጥ ለተወለደ ሠዓሊ እስከዚያ ድረስ ያልተሰማ ዋጋ ነበር። ጨረታ ላይ የሚሸጠው ግን ብዙ ጊዜ ሠዓሊው ሳይሆን ቀድሞ የገዛው ሰው ነው፤ ትርፉም የእሱ ነው። «ሃካ» ራሱ ሎስ አንጀለስ ያለ የሕዝብ ሙዚየም ንብረት ነው። ጁሊም 25 ዓመትና ከዚያ በታች የሆናቸው ወጣቶች የኒውዮርኩን ዊትኒ ሙዚየም በነፃ እንዲያዩ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰጥታለች። ስለዚህ በገንዘቡ በኩል ልጅቷን አልከሳትም።

ስደትንም ከወሬ ብቻ አላወቀችውም። በ1970 ተወልዳ በ1977፣ በደርግ ጊዜ፣ ገና በሰባት ዓመቷ ከቤተሰቦቿ ጋር አገር ጥላ ወጥታለች። ያደገችው ሚሺጋን ነው። የኛን መንገድ ሄዳለች ግን አልልም። አባቷ የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ እናቷ አሜሪካዊት ናቸው። ባሕር በጀልባ አላቋረጠችም፣ ከፊል አልነበራትም።

የጓደኛዬ ትልቁ ክስ ግን ሌላ ነው፤ ቀለም ሐዘንን ይሸፍናል የሚል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላንሳ። እንዲህ ያለ ሥዕል ስናይ ብዙዎቻችን «ረቂቅ ነገር ነው፣ ለኛ አይገባንም» ብለን እናልፈዋለን። እንዴ! እናቶቻችን የሰፉትን መሶብ አላየንም እንዴ? መሶብ ላይ ሰው የለም፣ ወፍ የለም፣ ዛፍ የለም። ያለው አክርማ፣ ስንደዶና የተነከረ አለላ ነው፤ በወስፌ እየተወጋ የሚዞር ቀለም። እናቴ የሌላ ሴት ሙዳይ አይታ «ይቺ ችኩል ናት» ወይም «ይቺስ ጨዋ ናት» ትል ነበር። ቀዩ ከቢጫው ቀጥሎ ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ ታውቃለች። ትምህርት ቤት የምትለውን በር ረግጣ አታውቅም።

ሐረር የገባችሁ ደግሞ የሐረሪን ቤት ታውቁታላችሁ። ግድግዳው ላይ ስፌቱ ተደርድሮ፣ ወለሉ ቀይ ነው። ቀዩ በ1887 ጨለንቆ ላይ ላለቁት ሰዎች መታሰቢያ ነው ይላሉ፤ ደማቸው ነው። በዚያ ጦርነት የአሚር አብዱላሂ ጦር በምኒልክ ጦር ተሸንፎ ከተማዋ ተይዛለች። ወለሉ ላይ ግን የተጻፈ ነገር የለም። የተወጋ ሰው ሥዕልም የለም። ቀይ ብቻ ነው። እዚያ ላይ ቡና ይፈላል፣ ሙሽራ ይቀመጣል፣ ልጅ ይድሃል። ያንን ቀለም ሐዘንን ሸፈነ ብሎ የሚከሰው ሰው ያለ አይመስለኝም። እንዲያውም ቀለሙ ባይኖር ኖሮ ከመቶ ዓመት በኋላ ማን ያስታውሰው ነበር?

ከዚያችው ከተማ በ1932 ገብረ ክርስቶስ ደስታ ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ የብራና መጻሕፍትን በሥዕል የሚያስጌጡ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበሩ። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የታወቀ ቋንቋ አለው፤ ጻድቅ ፊቱን አዙሮ ሁለት ዓይኑ ይታያል፣ ክፉ ሰው በጎን ይሣልና አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ተመልካች አይሳሳትም። ገብረ ክርስቶስ ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ ሲመለስ ያንን ቋንቋ ተወው። በ1963 «ጎልጎታ»ን ሲሠራ የለመድነውን ስቅለት አልሣለም፤ ቀዩን አነገሠው። እኔ ወሎ ያደግሁ ሙስሊም ነኝ፤ ስቅለት የሃይማኖቴ ሥዕል አይደለም። ያንን ቀይ ግን ሳየው ማንም ሳይነግረኝ የሰው ሥጋ እየተሠቃየ እንደሆነ ገብቶኛል። ከሐረር ወለል የመጣ ቀይ ነው አልልም። ቀለም ብቻውን ሐዘን መሸከም እንደሚችል ግን እነሱም እሱም ያውቁ ነበር። ገብረ ክርስቶስ በደርግ ጊዜ ተሰድዶ በ1981 አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ፣ ሎውተን በምትባል ከተማ አረፈ። አዲስ አበባ በስሙ የተከፈተው ሙዚየም ውስጥ ጁሊ በ2016 ሥዕሎቿን አምጥታ አሳይታለች።

የጁሊ ቀለም ከመጀመሪያው እንደ አሁኑ ጉም አልነበረም። በ2004 የሠራችው «ስታዲያ 2» የሚባለው ሥዕል ስታዲየም ነው፤ በውስጡ ባንዲራ የሚመስሉ ቁርጥራጭ ቀለሞች ይበራሉ። ባንዲራ ይመስላሉ እንጂ የማን አገር እንደሆኑ መያዝ አይቻልም። ቀለሙን ከባለቤቱ ነጥቃዋለች። በኛ ስብሰባ ስንት ጊዜ በባንዲራ ተጨቃጭቀን ቡናው እንደቀዘቀዘ የምታውቁ፣ ይህ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ይገባችኋል። ሰው ቀለም ሲያይ ወዲያው ጎራ ይመርጣል፤ እሷ ደግሞ ጎራው ከመመረጡ በፊት ያለችውን ቅጽበት ማቆም ፈለገች።

ከዚያ በ2012 «ሞገማ» መጣ፤ አራት ትላልቅ ሸራ። ስሙ ካይሮ፣ ታህሪር አደባባይ ካለው፣ የመንግሥት ቢሮ ከነበረው ግዙፍ ሕንፃ ነው። እዚህ ሙጀመዕ የምንለው ቃል ነው፤ ግብፆች «ጀ»ን «ገ» ይሉታል። ሰዉ ለመኖሪያ ፈቃድና ለልዩ ልዩ ወረቀት ከመስኮት መስኮት ሲንከራተት የኖረበት ሕንፃ ነው። ሥዕሉ ውስጥ የአደባባዮች የሕንፃ ንድፍ በቀጭን መስመር አንዱ በሌላው ላይ ተደርቧል። የኛ መስቀል አደባባይም ከነታህሪር ጋር ተደርቦ አለበት። መስመሩ ከመብዛቱ የተነሳ ሕንፃው ራሱ ጠፍቶ ግራጫ ጭጋግ ይሆናል። ኢቃማ ለማሳደስ፣ ወይም የጉዞ ሰነድ ለማግኘት የተንከራተተች ሴት ይህን ሥዕል ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልጋትም። እዚህ ላይ ግራጫው ራሱ ቢሮው ነው።

የሚያስቸግረኝ በ2018 የሠራችው ነው። «ሂኔኒ» ይላል፤ በዕብራይስጥ «እነሆኝ» ማለት ነው፣ ሙሴ ከሚነደው ቁጥቋጦ ሲጠራ የመለሰው። ከሥሩ ሁለት እሳት አለ። አንዱ የካሊፎርኒያ ሰደድ እሳት፣ ሁለተኛው ምያንማር ውስጥ የተቃጠሉት የሮሂንጋ ሙስሊሞች ቤቶች። ሁለቱ እሳቶች ሸራው ላይ ተቀላቅለው አንድ ቀለም ሆነዋል። እዚህ ጋ ጓደኛዬ ብትኖር እሷን እደግፍ ነበር። ነፋስ ያመጣው እሳትና ወታደር የለኮሰው እሳት አንድ አይደለም። አንደኛው ቤቱ ሲቃጠል ብዙ ጊዜ ኢንሹራንስ አለው፣ ተመልሶ የሚሠራበት መሬት አለው፤ ሌላው አገርም የለው። ሠዓሊዋ ሁሉም መንደድ እኩል ያስደነግጣል ልትል ፈልጋ ይሆናል። እኔ ግን ማን ለኮሰው የሚለውን ጥያቄ ቀለሙ ዋጠው እላለሁ። ቀለም ሐዘንን ይሸከማል፤ ጥፋተኛን ለመጠቆም ግን ጣት የለውም። ለዚያ ሌላ ነገር ያስፈልጋል፤ ጋዜጣ፣ ምስክር፣ ፍርድ ቤት።

አሁን ወደ ጥቁር ልምጣ፤ እዚህ አገር የምንኖር ሴቶች ከማንም በላይ የምናውቀው ቀለም እሱ ነውና። አገራችን ጥቁር መልበስ ሐዘን ነው። የመጀመሪያውን ፎቶዋን በአባያ ስትልክ እናቷ «ማን ሞተባት?» ብላ ያለቀሰችባት አንዲት ልጅ የማታውቅ ከመካከላችን አለች? እዚህ ደግሞ ጥቁር የዘወትር ልብስ ነው፤ ለገበያም፣ ለሰርግ መሄጃም። ያው ቀለም፣ ቀይ ባሕርን ሲሻገር ትርጉሙ ተለወጠ። ስለዚህ «ጥቁር ማለት እንዲህ ነው» ብሎ የሚያስተምረኝን መጽሐፍ አላምነውም።

መካ ዑምራ ያደረጋችሁ ኪስዋውን ታውቃላችሁ። በድሮ ዘመን ካዕባ ነጭም፣ ቀይም፣ አረንጓዴም ለብሷል፤ በአባሲዶች ዘመን ጥቁሩ ጸና፣ እስከ ዛሬም አለ። እዚያው መካ ባለው ፋብሪካ በጥቁር ሐር ይሸመናል፣ በየዓመቱ ይለወጣል፤ ከ2022 ወዲህ የሚለወጠው በሙሐረም 1 ነው። ከሩቅ ሲያዩት ጥቁር ነው፣ ከላይ የወርቅ ቀበቶ አለው፣ በቃ። ሰዉ ገፍቶኝ ገፍቶኝ አጠገቡ የደረስኩ ጊዜ ግን ጥቁሩ ባዶ እንዳልሆነ አየሁ። ጨርቁ ሙሉ በሙሉ ጽሑፍ ነው፤ የአላህ ስምና ምስጋና፣ በጥቁር ላይ በጥቁር የተሸመነ። ብርሃን በጎን ሲያርፍበት ይታያል፣ ፊት ስታዞሪ ይጠፋል። ክርስቲያን እህቶቼም በ2025 ጅዳ፣ አየር ማረፊያው ሐጅ ተርሚናል በተደረገው የእስልምና ጥበባት ቢየናሌ ላይ ሄዳችሁ ከሆነ አይታችሁታል፤ ሙሉ ኪስዋ ከመካ ውጭ ለሕዝብ ሲታይ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው የጁሊን ሥዕል ሌላ ዓይን አውጥቼ ያየሁት። ከሥር ያለው ነገር ተሸፍኗል። ግን ተሸፍኖ የቀረ ነው ወይስ ቅረቢ የሚል ነው? ጁሊ ልጆቹን ደብቃ «ውብ ቀለም ነው» አላለችም። ፎቶው ከየት እንደመጣ በግልጽ ትናገራለች፤ ሙዚየሙም ይናገራል። የጠየቀ መልስ ያገኛል። ለጓደኛዬ የምሰጣት አንዱ መልስ ይህ ነው።

ሌላው ስለ ፊት ነው። በ2012 ቤይሩት፣ ቆንስላችን ደጃፍ ላይ እየተጎተተች መኪና ውስጥ ስትገባ የተቀረጸችውን እህታችንን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ያ ቪዲዮ ምንም አልደበዘዘም። ፊቷ፣ ጩኸቷ፣ ልብሷ፣ ሁሉም ይታያል። ዓለምን ዞረ፤ እሷ ግን ብዙም ሳትቆይ ሞተች። ቪዲዮው ባይኖር ማንም አይሰማም ነበር፤ መኖሩ ተገቢ ነበር እላለሁ። ግን ልጆቿ አድገው ስልክ ሲይዙ እናታቸውን የሚያገኟት በዚያ መልክ ነው። ለአንዳንድ ሐዘን ዓይን ማፍጠጥ ግዴታ ነው፤ ያንኑ ደጋግሞ ማፍጠጥ ደግሞ ሁለተኛ ጥቃት ይሆናል። የማቆያዎቹ ልጆች በጁሊ ሸራ ላይ ፊታቸው የለም። ነገ ሲያድጉ ማንም ጣቱን ቀስሮ «ይኸው፣ አንተ ነህ» አይላቸውም። ይህ ለኔ መደበቅ ሳይሆን ገመና መክተት ነው። ጓደኛዬ «ልጆቹን ማን ጠየቃቸው?» ትለኛለች። ማንም። እዚህ ላይ ዝም ነው የምላት።

መካን ካነሳሁ አይቀር የሳዑዲውን ሠዓሊ የአህመድ ማተርን «መግነጢስ» ልጥቀስ። ሐኪም የነበረ ሰው ነው። ጥቁር ኩብ ማግኔት መሐል አስቀምጦ የብረት ብናኝ ዙሪያውን አሰለፈ፤ ካዕባና ጠዋፍ ሆነ። ቆንጆ ነገር ነው፣ ግን ሰዉ እዚያ ላይ ብናኝ ነው። ጁሊ ጥቃቅን ጭረቶቿን «ገጸ ባሕርያት» ትላቸዋለች፤ እያንዳንዱ ጭረት የራሱ መንገድ አለው፣ ይጋጫል፣ ይሸሻል። ከላይ ሲያዩን እኛም «ሐበሽያ» የሚባል አንድ ብናኝ ነን። ለዚህ ነው የእሷ ጭረት የሚበልጥብኝ።

እስካሁን ስለ ሠዓሊዎች አወራሁ። እኛም ግን በየሳምንቱ እንሥላለን። አርብ ከሰዓት ኮርኒሽ፣ ከኋላችን ባሕሩና የንጉሥ ፋህድ ፏፏቴ፣ ጥፍር ተቀብቶ፣ መነጽር ተውሶ፣ ፊልተር ተጨምሮበት። ፎቶው ይላካል። «አማረብሽ!» ይባላል። ከፎቶው ሥር ያለውን፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት የተነሳንበትን፣ ያልተከፈለውን ወር፣ የተያዘውን ፓስፖርት ማንም አያይም።

ይህ ውሸት ነው? ለእናት ሲሆን አይመስለኝም። ደም ብዛት ያለባት እናት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቃ ምን ልታደርግ ነው? ለእሷ የሚላክ ቀለም እንደ ሐረር ወለል ነው፤ በላዩ ላይ ትኑርበት። ፎቶው ግን እናት ጋ አይቆምም። ጎረቤት ያየዋል፣ ደላላ ያሳየዋል፣ አሥረኛ ክፍል ያለች ልጅ ስልኳ ላይ ታስቀምጠዋለች። ለዚያች ልጅ ያው ፎቶ ትርጉሙ ይለወጣል፣ ጥቁር ባሕር ሲሻገር እንደተለወጠው። ለእናት እፎይታ የነበረው ለእሷ ትኬት ይሆናል። ልዩነቱ ያለው እዚህ ነው፤ ጁሊን ከሥር ምን አለ ብላችሁ ብትጠይቋት ትነግራችኋለች። ያቺ ልጅ ደውላ ከሥር ምን አለ ብትለን «ደህና ነን፣ ምንም አይልም» እንላታለን። ለእናት ዝም ማለት መብታችን ነው። ልትመጣ ለተነሳች ልጅ ግን ዝም ማለት መብታችን አይመስለኝም፤ ፎቶውን አለመላክ ሳይሆን፣ ስትጠይቅ መንገር። ስለ ውሉ፣ ስለ ደመወዙ ቀን፣ ስለ በሩ ቁልፍ፣ ስልክ ስለሚያዝበት ቤት፤ ደህና ቤትም እንዳለ ጭምር፣ እሱም እውነት ነውና።

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ረመዳን ጠይቃኝ፣ ማድቤት ቁጭ ብዬ አሥራ አንድ ደቂቃ የሚሆን የድምፅ መልእክት ቀድቼ ላክሁላት። ያየሁትን፣ የሰማሁትን፣ ማን ምን እንደሆነች፣ ሳላጋንን፣ ሳልቀንስ። ሰማችው፤ ሁለቱ ምልክት ሰማያዊ ሆነ። ማታ መልስ መጣ።

«አላህ ይጠብቅሽ እህቴ» ይላል። «ደመወዙስ ስንት ነው?»

ነገርኳት።